የዶሊ ዘፈን በዊትኒ ድምፅ፦ አንድ የካንትሪ ዘፈን ስልት ሲቀይር የሆነው

ለምን ይህን ጉዳይ መረጥኩ

«አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» ሲባል ጆሮ ላይ ቀድሞ የሚመጣው የዊትኒ ሂውስተን ድምፅ ነው። አይፈረድም። ዓለምን ያዳረሰው የሷ ቅጂ ነው። ዘፈኑን የጻፈችው ግን ዶሊ ፓርተን ናት፣ ግጥሙንም ዜማውንም። ቴነሲ ውስጥ አሥራ ሁለት ልጆች ከተወለዱበት ድሃ ቤት የወጣች የካንትሪ፣ ማለትም ከአሜሪካ ገጠር የመነጨው ሙዚቃ፣ ዘፋኝ ናት። ዊትኒ የሠራችው ካቨር ነው፣ የሌላ ሰውን ዘፈን በራስ ድምፅ እንደገና መቅዳት።

እኛ ጋ አንድ ወጣት የድሮ ዘፈን በሌላ ስልት ሲጫወት ወሬው «አሳመረው» ወይም «ገደለው» ላይ ይጀምርና እዚያው ያልቃል። ምኑ ተቀየረ? ምኑ ሳይነካ ቀረ? ደራሲው ምን አገኘ? ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ ጉዳይ ሦስቱንም ጥያቄ በአንድ ዘፈን ላይ ያሳያል። ባለጉዳዮቹም ራሳቸው በአደባባይ ደጋግመው አውርተውታል። ስለዚህ ከነዝርዝሩ ልመዝግበው።

ሁለቱን ሴቶችና ኤልቪስን በስማቸው መጥራቴ ግድ ነው። ሌሎቹን በሥራቸው ብቻ ነው የማነሳቸው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ዳራው

ዶሊ በ1967 የአንድ ስመ ጥር የካንትሪ ዘፋኝ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ውስጥ ገባች። ፕሮግራሙ የሱ ነው፤ እሷ አብራው የምትዘፍን ወጣት ናት። አምስት ዓመት ሠርቼ በራሴ እወጣለሁ ብላ ነበር፣ ጊዜው ግን ወደ ሰባት ዓመት ተጠጋ። ልሂድ ስትለው አይሰማም። ይጨቃጨቃሉ። በመጨረሻ በ1973 ሐሳቧን በዘፈን ጻፈችውና ቢሮው ገብታ ዘፈነችለት። እሷ እንደምትለው ሰውየው አለቀሰ፣ ከዚያም ለቀቃት።

ስለዚህ ዘፈኑ ሲወለድ የፍቅረኞች ዘፈን አልነበረም። ዜማ ያለው የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ነው። ሰርጋቸው ላይ የሚያስከፍቱት ሙሽሮች ይህን ቢያውቁ ምን እንደሚሉ እንጃ። ለነገሩ የፍቅር ነው ብንል እንኳ የመለያየት ነው እንጂ የመጋባት አይደለም። የሁለቱ ሰላምም ብዙ አልቆየም፤ በ1979 ሰውየው ውል አፍርሳለች ብሎ ከሰሳት፣ ነገሩ ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ።

የመጀመሪያው ቅጂ በ1974 ወጣ። ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ አጃቢው ስስ ነው፣ ማንም አይጮህም። ሦስተኛውን አንጓ ዶሊ አትዘፍነውም፤ ፊት ለፊቷ ለተቀመጠ ሰው መልካም እንደምትመኝ ሆና ዝም ብላ ትናገረዋለች። ግጥሙ ውስጥ የሰው ስም የለም። የአገር ስም የለም። ከካንትሪ ዘፈን የሚጠበቀው እርሻና መጠጥ ቤትም የለም። ይህን ነገር ያዙልኝ።

ዘፈኑ በአሜሪካ የካንትሪ ዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። እዚያው ቀረ።

ችግሩ

ሁለት ችግር ነበር። አንደኛው የስልት ግድግዳ ነው። የአሜሪካ ራዲዮ በስልት የተከፋፈለ ነው፤ ካንትሪ የሚያጫውተው ጣቢያ ሌላ፣ ሶልና አር ኤንድ ቢ የሚያጫውተው ሌላ። አንድ ዘፈን እዚህ አንደኛ ሆኖ እዚያ ስሙም ላይታወቅ ይችላል።

ሁለተኛው ችግር ግድግዳውን የሚያዘልል ሰው ሲመጣ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ሰውየው መጣም። ኤልቪስ ፕሪስሊ ዘፈኑን ወደደውና ሊቀዳው ፈለገ። ዶሊ ደስታዋን ለሰው ሁሉ አወራች። ከዚያ የኤልቪስ ማናጀር ደወለና ደንባቸውን ነገራት፦ ኤልቪስ የሚቀዳው ዘፈን ከሆነ የድርሰት መብቱ ግማሽ ወደነሱ ይዞራል።

እምቢ አለች። ሌሊቱን ስታለቅስ እንዳደረች ራሷ ተናግራለች። ኤልቪስን እምቢ የምትል አብደሻል ወይ ያሏትም ነበሩ። እውነት ለመናገር ያኔ ብንጠየቅ አብዛኞቻችን ፈርሚ እንላት ነበር። ገና ከአለቃዋ እየተላቀቀች ያለች ዘፋኝ ናት፤ ያኛው ደግሞ ኤልቪስ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሳ ነጥብ አለ። በአሜሪካ ሕግ አንድ ዘፈን በባለቤቱ ፈቃድ አንዴ ተቀድቶ ገበያ ከወጣ በኋላ ሌላ ዘፋኝ ደራሲውን ሳይለምን ዳግም ሊቀዳው ይችላል፤ ሕጉ የተመነውን ክፍያ ለያንዳንዱ የሚሸጥ ቅጂ መክፈል ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ማለትም ዘፈኑ ከወጣ በኋላ ኤልቪስ ቢፈልግ በሕጉ መንገድ መቅዳት ይችል ነበር። ግማሹን ማስረከብ የሕግ ግዴታ አልነበረም። ጉልበት ስላላቸውና ብዙ ደራሲ ስለሚሰጣቸው የጠየቁት ነው።

መሃል ላይ ያሉት ቅጂዎች

በ1975 ሮክና ካንትሪ የምታቀላቅል አንዲት ታዋቂ ዘፋኝ ዘፈኑን አልበሟ ውስጥ አስገባችው። ትልቅ ወሬ አልፈጠረም። ግን ዘፈኑ ከካንትሪ ሰፈር ውጭ ቤት አገኘ፤ የሮክ ሙዚቃ ገዝቶ የሚሰማ ሰው ሼልፍ ላይ ተቀመጠ። ይቺ ዘፋኝ ሦስተኛውን፣ ዶሊ በንግግር የምትለውን አንጓ፣ ዘላዋለች። ትንሽ ውሳኔ ትመስላለች። ከ17 ዓመት በኋላ ግን ጣጣዋ መጣ።

በ1982 ዶሊ ራሷ ለምትተውንበት ፊልም ዘፈኑን እንደገና ቀዳችው። ካንትሪ ላይ እንደገና አንደኛ ሆነ። በጠቅላላው የአሜሪካ ሰንጠረዥ ላይ ግን ከ53ኛ ከፍ አላለም። ፊልም አለ፣ ዝና አለ፣ የምትዘፍነው ደራሲዋ ራሷ ናት። አልተሻገረም። ይህን ቁጥር የማነሳው ቀጥሎ ከመጣው ጋር እንዲነጻጸር ነው።

በ1992 ምን ተደረገ

ፊልሙ «ዘ ቦዲጋርድ» ነው። ዊትኒ ለመጀመሪያ ጊዜ በፊልም የተወነችበት ነው። ለዋናው ትዕይንት የታሰበው ሌላ የቆየ የሶል ዘፈን ነበር፤ ነገር ግን ያ ዘፈን በ1991 በወጣ ሌላ ፊልም ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ሌላ ፈልጉ ተባለ። የፊልሙ ዋና ተዋናይ ያመጣው ደግሞ የ1975ቱን ቅጂ ነው። የሮክ ዘፋኟን እንጂ የዶሊን አይደለም። ድልድይ የምለው ይህን ነው፤ ዘፈኑ ሆሊውድ የደረሰው በሁለተኛ እጅ ነው።

የዘፈኑ ፕሮዲውሰር እንደሚተርከው ለዶሊ ደውሎ ዘፈኑን ሊሠሩት እንደሆነ ሲነግራት ሦስተኛው አንጓ እንዳይቀር አለችው። እሱ ደግሞ የሚያውቀው የ1975ቱን ቅጂ ስለነበረ ሦስተኛ አንጓ መኖሩንም አልሰማም። ያኔ ሩጫ ሆነ። አንጓው ገባ።

ሁለተኛው ክርክር መግቢያው ላይ ነበር። ተዋናዩ ዘፈኑ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በድምፅ ብቻ ይጀመር አለ። የሙዚቃ ሰዎቹ ፈሩ። መኪና ውስጥ ያለ አድማጭ ምት ካልሰማ ጣቢያ ይቀይራል፣ ራዲዮም አያጫውተውም የሚል ስጋት ነበራቸው። ስጋቱ የሞኝ ስጋት አይደለም፣ በሥራቸው የሚያውቁት ነው። ተዋናዩ ግን አለቀቀም፣ ዊትኒም ደግፋዋለች። በመጨረሻ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አንዲት ሴት ብቻዋን የምትዘፍንበት መግቢያ ሆነ።

ሲቀዳም የራሷን የኮንሰርት ባንድ ይዛ ነው የሠራችው። ሳክስፎኑን የነፋውም የባንዷ ሰው ነው።

አሁን ቅንብሩን በጥሞና ስሙት። የመጀመሪያው አንጓ በድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ አጃቢው በቀስታ ይገባል። አዝማች፣ ሁለተኛ አንጓ፣ አዝማች፣ ከዚያ ሳክስፎን። ከሳክስፎኑ በኋላ ሁሉ ነገር ዝቅ ይልና ሦስተኛው አንጓ ይመጣል። ቀጥሎ ዝምታ፣ አንድ የድራም ምት፣ ኪዩ፣ ማለትም የዜማው መነሻ ድምፅ፣ ከኤ ወደ ቢ ይነሳል፣ ድምፁም አብሮ ይፈነዳል። ሰው ሁሉ የሚያስታውሳት ያቺን ቦታ ነው። ያቺ ቦታ ግን የቆመችው ከፊቷ ባለው እርጋታ ላይ ነው፣ እርጋታው ደግሞ ያ ሊቀር የነበረው አንጓ ነው። ዶሊ ስልክ ላይ ባታስታውሳቸው ኖሮ ድራሙ የሚመታው ከሳክስፎኑ ሥር ነበር። ያን ያህል ልብ የሚያስደነግጥ አይመስለኝም።

ዘፈኑ በኅዳር ወር 1992 ወጣ። በአሜሪካ ጠቅላላ ሰንጠረዥ 14 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ፣ በጊዜው ሪከርድ ነበር። በ1994 የዓመቱ ምርጥ ሪከርድ የሚለውን ግራሚ አገኘ። በ2022 አሜሪካ ውስጥ ብቻ የ10 ሚሊዮን ደረጃ፣ ዳይመንድ የሚሉትን፣ ደረሰ። ለኦስካር ግን አልተወዳደረም፤ ለፊልሙ ተብሎ የተጻፈ ስላልነበረ አይችልም። ከዚያው ፊልም ሌሎች ሁለት አዲስ ዘፈኖች ታጩ። ዛሬ ከፊልሙ ውስጥ ቀድሞ የሚታወሰው ግን ያልታጨው ነው።

የተቀየረውና ያልተቀየረው

ያልተቀየረው ቃሉ ነው፣ የዜማው አጥንት ነው፣ የዝግታው መንፈስ ነው። የቀረው ሁሉ ተቀይሯል። ርዝመቱ አራት ደቂቃ ተኩል ሆኗል። ዶሊ ቢሮ ውስጥ ለተቀመጠ አንድ ሰው ነው የምትናገረው፣ ዊትኒ ለሙሉ አዳራሽ። ዶሊ ቃሏን ጨርሳ ታልፋለች፤ ዊትኒ አንዷን ቃል ይዛ በብዙ ኖታ እያዞረች ትወጣለች ትወርዳለች። ይህን ያመጣችው ካደገችበት የኒውርክ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ነው። ለኛ ጆሮ እንግዳ ያልሆነውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ትዝታ ሲዘፈን አንድ ቃል ስንት ቦታ እንደሚዞር እናውቃለን።

የአሜሪካው ሕግ ራሱ ይህን መስመር ያውቃል። ያለ ፈቃድ ካቨር የሚቀዳ ሰው ዘፈኑን ለራሱ አዘፋፈን እንዲስማማ ማቀናበር ይችላል፣ መሠረታዊ ዜማውንና ጠባዩን ግን መለወጥ አይችልም ይላል። የሕግ ሰው የጻፈው ቢሆንም ለአቀናባሪም ጥሩ መመሪያ ነው።

ያዙልኝ ያልኩት የግጥሙ ባዶነት እዚህ ጋ ይሠራል። ዘፈኑ ውስጥ ካንትሪነቱን የሚያስረዳ አንድም ዕቃ የለም። ካንትሪ ያደረገው የዶሊ ጊታርና ቅላጼ ነው። ጊታሩና ቅላጼው ሲነሳ የሚቀረው የሚሄድ ሰው ለሚቀር ሰው የሚለው ነገር ብቻ ነው። እሱ ደግሞ በየትኛውም ስልት ይዘፈናል።

ገንዘቡ የት ሄደ

ለፊልም ሲሆን ካቨር እንደ አልበም አይደለም። ዘፈንን ከምስል ጋር ለማያያዝ ባለቤቱን ማስፈቀድና በዋጋ መስማማት ግድ ነው። ባለቤቷ ዶሊ ናት፤ ዘፈኑ በራሷ የድርሰት ኩባንያ ስም ነው ያለው። ለተሸጠ ቅጂ ደግሞ በ1992 እና በ1993 ሕጉ የተመነው ክፍያ በአንድ ዘፈን 6.25 ሴንት ነበር። ትንሽ ትመስላለች። በሚሊዮኖች አባዙት።

ከዚያ ራዲዮ አለ። ይህ ብዙ ሰው የሚገርመው ነው፦ በአሜሪካ በአየር ሞገድ የሚያስተላልፍ ራዲዮ ለደራሲው ይከፍላል፣ ለዘፋኙ ግን አይከፍልም። ያ ዘፈን በአሜሪካ ኤፍ ኤም ጣቢያዎች በተጫወተ ቁጥር የደራሲነት ክፍያ ወደ ዶሊ ይሄዳል፣ ለዊትኒ ግን ከዚያ ጨዋታ ምንም የለም። የዊትኒ ገቢ ከሽያጭና ከመድረክ ነበር። ፍትሐዊ ነው አልልም። አሠራሩ ግን ይህ ነው፣ የድርሰት መብት ሲባል ምን ማለት እንደሆነም ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለኝም።

ዶሊ በኋላ ላይ የኤልቪስን መኖሪያ ግሬስላንድን ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ አገኘሁበት ብላ ቀልዳለች። ቁም ነገር ስታወራ ደግሞ ከዊትኒ ቅጂ ባገኘችው ገንዘብ ናሽቪል ውስጥ በጥቁሮች ሰፈር የንግድ ሕንፃ እንደገዛች ተናግራለች። ግማሹን በ1970ዎቹ ብትሰጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ከመጀመሪያው ለሁለት ይከፈል ነበር።

ያልሠራው

ዶሊ በ1995 ከአንድ ታዋቂ የካንትሪ ዘፋኝ ጋር በቅብብል ቀዳችው። ካንትሪ ላይ 15ኛ ደረሰ። ጥሩ ነው፣ ግን አዲስ ነገር አልጨመረም።

ፊልሙ ውስጥ ራሱ ሌላ ቅጂ አለ። ሁለቱ ዋና ተዋንያን መጠጥ ቤት ውስጥ ሲደንሱ ከሙዚቃ ሳጥኑ የሚሰማው የካንትሪ አዘፋፈን የዚሁ ዘፈን ነው፣ የዘፈነውም ከፐንክ ባንድ የመጣ ወንድ ነው። ዘፈኑ ምን ያህል እንደሚያሳዝን እየቀለዱበት ይደንሳሉ። ብዙ ተመልካች ልብ አይለውም። ለታሪኩ ጠቅሟል፣ እንደ ካቨር ግን ማንም አያነሳውም። የዳንስ ምት ተደርጎለትም በ1993 እንግሊዝ ወጥቷል፤ ያኛው ለአንድ ሰሞን ነው።

ከሁሉ የከፋው በየአገሩ የዘፈን ውድድር ላይ የሚታየው ነው። ተወዳዳሪው የዊትኒን መግቢያ ይወስዳል፣ የዊትኒን ዝምታ ይወስዳል፣ ድራሙንም እዚያችው ቦታ ያስመታል፣ ከዚያ ኖታው ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ቢደርስም ያው ነው። የሚቀዳው ዘፈኑን ሳይሆን ቅንብሩን ነው። ዊትኒ ዶሊን እንዲህ ብትቀዳት ኖሮ ዛሬ የምናወራው ነገር አይኖርም ነበር።

አንድ ኪሳራ ደግሞ ደራሲዋ ላይ ደርሷል፤ ስሟ ጠፋ። ዘፈኑን አብዝቶ የሚሰማው ሰው የማን እንደሆነ አያውቅም። አቅራቢ ሲያስተዋውቅ የሚጠራው ዘፋኙን ብቻ ስለሆነ ነው። ዶሊ በዚህ ስትማረር አልሰማሁም፣ እንዲያውም የዊትኒን ቅጂ መጀመሪያ መኪና ውስጥ ስትሰማ ዳር ይዛ እስክታቆም ድረስ እንደነካት ነው የምታወራው። ብዙ ደራሲ ግን እንዲህ ሰፊ ሆድ የለውም፣ ሊኖረውም አይገደድም።

ለኛ የሚሆነው

ለሚዘፍነው፦ ቅንብሩን ተውና ግጥምና ዜማውን ብቻ ውሰድ። በባዶ ድምፅ ዘፍነህ እየው። በባዶ ድምፅ ከቆመልህ በሬጌም በጃዝም ይቆማል። ካልቆመ ደግሞ የወደድከው ዘፈኑን ሳይሆን የድሮውን ኪቦርድ ሊሆን ይችላል፣ ይህ ደግሞ ያጋጥማል። የመጀመሪያውን ቅጂም ፈልገህ ስማ። መሃል ላይ ያለው ሰው የጣለው አንጓ ሊኖር ይችላል። ደራሲው በሕይወት ካለ ደውልለት፣ ለፈቃዱ ብቻ አይደለም።

ለሚጽፈው ወሬው ረዘም ይላል። በካሴቱ ዘመን እኛ ጋ ግጥምና ዜማ በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሸጥ ነበር፤ ገንዘቡን ተቀብሎ መሄድ ነው፣ ብዙ ጊዜ ወረቀትም የለ። ከዚያ በኋላ ዘፈኑ በማን ተዘፈነ፣ ስንት ማስታወቂያ ውስጥ ገባ፣ የደራሲው ጉዳይ አልነበረም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በኛ አቆጣጠር ከወጣ ወዲህ፣ በ872/2007 ከተሻሻለም በኋላ፣ ሕጉ ከደራሲው ጋር ነው፦ ማባዛትና ማዛመድ በሱ ፈቃድ የሚሆን ነው፣ የኢኮኖሚ መብቱም ዕድሜውን ሙሉና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። የአሜሪካው ዓይነት «ከፍለህ ቅዳ» የሚል መንገድ ግን እኛ ጋ ለካቨር አልተዘረጋም፤ መነሻው ማስፈቀድ ነው። ዩቲዩብ ላይ «መታሰቢያነቱ ለ...» ብሎ መጻፍ ፈቃድ አይደለም።

ስለዚህ ግጥም ወይም ዜማ የሚሰጥ ሰው ውሉ ላይ የሚሰጠው ምኑን እንደሆነ ለይቶ ያስጽፍ። ለአንድ ድምፃዊ፣ ለአንድ አልበም ብቻ ከሆነ እንዲያ ይባል። ሌላ ድምፃዊ ቢዘፍነው፣ ፊልም ውስጥ ቢገባ፣ ለማስታወቂያ ቢጠየቅ ማን እንደሚፈቅድና ክፍያው እንዴት እንደሚካፈል በየራሱ መስመር ይቀመጥ። «ሙሉ መብቱን አስተላልፌያለሁ» የምትል ዓረፍተ ነገር ካለች ገንዘቡ ከመቆጠሩ በፊት እሷን ማስወጣት ነው፤ ድምፃዊው የቱንም ያህል ዝነኛ ቢሆን።